የበርጩማው ሙቀት

ሰባት ዓመት የሠራሁት ሥራ መቀመጥ ነው። በመቀመጤ የምስክር ወረቀት አግኝቻለሁ፤ በመቀመጤ ትራስ ተሸልሜያለሁ፤ በመቀመጤ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦልኛል። ስሜ ልየው ነው። የከተማዬን ስም ግን አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃት ሰው ደግሞ ዕድለኛ ስለሆነ ዕድሉን አላበላሽበትም።

ከተማችን ውሃ የምታገኘው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ቦቴ መኪናው ጠዋት መጥቶ በየሰፈሩ ይቆማል፣ ሰው በጀሪካን ይቀዳል፣ መኪናው ይሄዳል። የቀዳኸው እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ሊያደርስህ ይገባል። ጀሪካንህ የሚያፈስ ከሆነ ሐሙስ ላይ ደርቀሃል፤ ዓርብ ጎረቤት ትለምናለህ፤ ቅዳሜ ጎረቤትህ ሲያይህ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ በእኛ ከተማ የጀሪካን ቀዳዳ የሚደፍን ሰው ከሐኪም አያንስም። ያ ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ ታላቅ እህቴ ታንጉት። እኔ እታለም እላታለሁ።

የእታለም ዕቃ ሦስት ነው። ፈርኔሎ፣ በፌስታል የታሰረ የፕላስቲክ ስብርባሪ፣ እና ብረት። ብረቱን የሠራው አባታችን ነው፤ ከተሰበረ የጋሪ ዘንግ ቆርጦ፣ ጫፉን እንደ ማንኪያ ጠፍጠፍ እስኪል ቀጥቅጦ ሰጣት። ፈርኔሎዋን በሽቦ አንጠልጥላ «ጀሪካን የሚያፈስ! ባልዲ የተሰነጠቀ!» እያለች በየበሩ ትዞራለች። መዞሯ ወዳ አይደለም። በእኛ ከተማ ጀሪካን ከቤት አይወጣም። «ላስጠግነው» ብሎ ጀሪካኑን ለሰው አሳልፎ የሚሰጥ የለም፤ ማክሰኞ ቢደርስበትስ? በዚያ ላይ እታለም ቀዳዳውን የምታገኘው ጀሪካኑ ውሃ እንደያዘ ነው። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ የት ጋ እንደሚያነባ ትጠብቃለች፣ በከሰል ምልክት ታደርጋለች፣ ውሃው ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፣ ብረቱ ይግላል፣ ስብርባሪው ቀልጦ ይለጠፋል። ከዚያ ሳይበርድ አውራ ጣቷን ውሃ ነክራ ትጫነዋለች። የጣቷ አሻራ እዚያው ላይ ይቀራል። ከተማው ውስጥ የእታለም አውራ ጣት የሌለበት ጀሪካን ፈልጌ አላገኘሁም።

እኔ ያኔ ሥራ አልነበረኝም። ሕንፃ ስንሠራ ከመወጣጫ ላይ ወድቄ ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ከአልጋዬ እስከ ደጃፍ እሄዳለሁ፣ ከደጃፍ እስከ አልጋዬ እመለሳለሁ። እታለም ትሠራለች፣ እኔ እበላለሁ። አንድም ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም።

አሁን የሀገሩን ነገር ላውራ። ሹማምንቶቻችን ሀገሪቱ ለምን እንደደኸየች ያጠኑ ዘንድ ወደ አንድ ሀብታም ሀገር ልዑካን ላኩ። ልዑካኑ አርባ ቀን በልተው፣ ጠጥተው፣ ተኝተው ተመለሱና ያዩትን አቀረቡ። «እዚያ ነጋዴው ሁሉ ተቀምጧል» አሉ። ልብስ ሻጩ ተቀምጧል። መድኃኒት ሻጩ ተቀምጧል። ትልልቆቹ ከበርቴዎች እንዲያውም ሲቀመጡ በሚሽከረከር ነገር ላይ ነው። የእኛ ነጋዴ ግን ቆሟል፤ ይባስ ብሎ ይዞራል። ድህነቱ ከዚህ የመጣ ነው ተባለ። ሰውየው መጀመሪያ ሠርቶ፣ ከብሮ፣ ኋላ ደክሞት ተቀምጦ ይሆናል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ከነበረም ቆሞ ስለነበር አልሰሙትም።

በዚያው ዓመት የበርጩማ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ነጋዴው ለሁለት ተከፈለ። በመንግሥት በርጩማ ላይ የተቀመጠው ባለበርጩማ ተባለ፤ እሱ ሕጋዊ ነው፣ ይመዘገባል፣ ይሠለጥናል፣ ፎቶ ይነሣል። የተቀረው ቋሚ ተባለ። ቋሚዎችን የሚያባርሩ ቢጫ ካፖርት የለበሱ አሳዳጆች ተቀጠሩ። እነዚህ አሳዳጆች ቀኑን ሙሉ ሲሮጡ ይውላሉ እንጂ አንድም ቀን ሲቀመጡ አላየሁም፤ እነሱን ግን ቋሚ ያላቸው የለም።

አሳዳጆቹ እታለምን ሁለት ጊዜ ያዟት። መጀመሪያ ፈርኔሎዋን ከነፍሙ ቦይ ውስጥ ጣሉባት። ሁለተኛ ስብርባሪውን ነጥቀው፣ እጇንም ጠምዝዘው ለቀቋት። ብረቱን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ስለነበር ተረፈ። ያን ቀን እጇን በለብ ያለ ውሃ እየዘፈዘፈች «በርጩማ አወጣለሁ» አለችኝ።

ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ማመልከቻው ተቀምጦ ነው የሚሞላው፤ ቆሞ የተሞላ ማመልከቻ የቋሚ ማመልከቻ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከጸሐፊው መቀመጫ በቀር መቀመጫ የለም። እታለም መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ፣ እሱ መቀመጥ አይደለም» አላት ጸሐፊው።

«ታዲያ ምንድን ነው ጌታዬ?»

«መውደቅ ነው። መመሪያው ላይ አለ።»

ሦስት ቀን ተመላለሰች። በአራተኛው ቀን አንድ ጀሪካን ይዛ ሄዳ፣ አጋድማ፣ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። ጸሐፊው መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ስለ ጀሪካን የሚል ነገር አጣ። እያጉረመረመ ማመልከቻውን ተቀበላት፤ እታለምም በርጩማ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለትን አገኘች። ስትነግረኝ በደስታ ማልቀሴን አስታውሳለሁ። ያን እንባ አሁን ባገኘው መልሼ ዓይኔ ውስጥ እከተው ነበር።

በርጩማዎቹ ያሉት ከከተማው ውጭ የዕድገት ሜዳ በሚባል ቦታ ነው። እግራቸው ብረት ነው፤ በሲሚንቶ ተተክለዋል፤ በረድፍ በረድፍ ቆመው ታያቸዋለህ። ሕጉ አንድ ነው፤ በሥራ ሰዓት በርጩማው መሞቅ አለበት። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ሹም አለ፣ አቶ ቢያድግልኝ ይባላል። ፊት ለፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም። በየረድፉ ይዞርና «እስቲ ብድግ በል» ይላል። ብድግ ስትል የእጁን ጀርባ በርጩማው ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ሦስት ጊዜ የቀዘቀዘ በርጩማ ይነቀላል።

እታለም ሦስት ቀን ተቀመጠች። ማንም አልመጣም። ማን ይምጣ? ጀሪካኑ ያለው ቤት ነው፣ እሷ ያለችው ሜዳ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሻይ እየጠጣን ሳለ አተኩራ አየችኝ።

«ልየው፣ አንተ እኮ እዚህም ተቀምጠህ ነው የምትውለው» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልጨፍር?»

«አትቆጣ። እዚያ ሄደህ ተቀመጥልኝ።»

«የምን መቀመጥ ነው?»

«በርጩማው ይሙቅ ነው ያሉት፤ ማን ያሙቀው አላሉም። አንተ አሙቅልኝ፣ እኔ ልዙር።»

«አሳዳጆቹ ቢይዙሽስ?»

«ባለበርጩማ ነኝ፣ ሂዱና ዳስሱት እላቸዋለኋ!»

ሁለታችንም ሳቅን። እንዲህ ያለ ብልሃት በማግኘቷ ኮራሁባት። የጎረቤት የእጅ ጋሪ ተውሳ፣ እኔን እንደ ከረጢት ጭና፣ እየገፋች ሜዳው ድረስ ወሰደችኝ። እንደሚሞሸር ሰው ጋቢ አለበሰችኝ። ከዚያ ፈርኔሎዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ዙሪያዬን ሳይ ገረመኝ። ከግራዬ የተቀመጡት የቆሎ ሻጯ አማት ናቸው፤ ቆሎ ግን የለም። ከቀኜ የጫማ አዳሹ አጎት አለ፤ ጫማ ቀርቶ መርፌ እንኳ አልያዘም። ከፊቴ ያሉትን ሽማግሌ «አባቴ፣ እርስዎ ምን ይነግዳሉ?» ብላቸው «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄን ጠይቃት» አሉኝ። ለካስ ብልሃቱ የእታለም ብቻ አልነበረም። ሜዳው ሙሉ አሮጊት፣ አንካሳ፣ ሥራ ፈትና አማች ነው። ከስድስት መቶ በርጩማ በላይ ሞቋል፤ አንድ ፍሬ ነገር የሚሸጥበት ግን አላየሁም። ሥራው ያለው ከተማ ውስጥ፣ በእግሩ ላይ፣ በአሳዳጅ እየተባረረ ነው። በየዓመቱ ግን «ተቀማጩ ንግድ በእጥፍ አደገ» የሚል ሪፖርት ይወጣ ነበር፤ ያደገው የአማቾቻችን ቁጥር ነው።

የእኔ በርጩማ ከሁሉም ይሞቅ ነበር። ዳሌዬ ስለማያስነሣኝ አልነሣም፤ ሌሎቹ ለሽንትም ለወሬም ብድግ ይላሉ። አቶ ቢያድግልኝ በመጣ ቁጥር የእኔ ጋ ሲደርስ እጁን ቶሎ አያነሣም ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ዳስሶ ሲያበቃ መዝገቡን ገልጦ አየኝ።

«እዚህ ላይ ታንጉት ይላል። ታንጉት ማናት?»

«እህቴ ናት። ሥራው የእሷ ነው፤ ጀሪካን የምትጠግነው እሷ ናት።»

«ሙቀቱስ የማን ነው?»

«ሙቀቱማ የእኔ ነው።»

«እንግዲያውስ ንግዱም ያንተ ነው» አለና በቀይ ቀለም ስሟን ሰረዘው። የማኅተም ቀለሙን ዘረጋልኝ። «አውራ ጣትህን እዚህ ላይ ተጫን።»

ተጫንኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ደስ ብሎኝ ነው የተጫንኩት። ከመወጣጫው ከወደቅሁ ወዲህ ስሜን ጠይቆ የጻፈ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ የታንጉት ሽባ ወንድም ብሎ ነው። ያን ቀን ግን ስሜ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ማታ ለእታለም ስነግራት እግሯን እያሸች ነበር።

«ይሁን፣ ወረቀት ነው» አለችኝ። «እኔና አንተ ምን ልዩነት አለን?»

እኔም እንዳለችው ይሁን ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁል እንደ ተለቀቀ ጋሪ ሄደ። ሥልጠና ተጠራሁ። አንድ የተከበሩ መምህር ጀርባን ስለ ማቅናት፣ ጭንን ስለ መግጠም፣ ደንበኛ ባይመጣም ደንበኛ እንደመጣ ሆኖ ስለ መጠበቅ ለስድስት ቀን አስተማሩን። ጥያቄ ያለው ሲባል የጫማ አዳሹ አጎት እጁን አነሣና «ደንበኛው የሚመጣው መቼ ነው?» አለ። መምህሩ «ያ የሚቀጥለው ሥልጠና ነው» አሉት። ምሳ ስለ ነበረ ማንም አልከፋውም።

በአምስተኛው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ባለበርጩማ ተባልኩ። አዳራሽ ተጠራሁ። የእኔን ሙቀት በግራፍ ሠርተው ግድግዳ ላይ አሳዩት፤ መስመሩ አንድም ቦታ አልወረደም። አንድ ትልቅ ሹም ትራስ ሸለሙኝና «ለወጣቱ ምን ትመክራለህ?» አሉኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ተናገርኩ። ቀዳዳ እንዴት እንደሚገኝ፣ ብረት እስከ ምን ድረስ እንደሚግል፣ ጣት ሳይበርድ እንዴት እንደሚጫን ተናገርኩ። ብረቱን እንኳ ይዤው አላውቅም። ጭብጨባው ሲያቆም ዞር ብል እታለምን አየኋት፤ ቋሚ ስለሆነች አላስገቧትም፣ በመስኮቱ ከውጭ ነበር የምታየው። ስወጣ ጋሪውን ይዛ ጠበቀችኝ።

«እሰይ፣ ቂጥህ ተሸለመ!» ብላ ሳቀችብኝ። ትራሱን አገላብጣ አየችውና ጋሪው ላይ አነጠፈችልኝ። ሳቋ እንደ ድሮው አልነበረም፤ እኔ ግን ሞቅ ብሎኝ ስለነበር አላስተዋልኩም።

የዛሬ አራት ወር አዲስ መመሪያ ወጣ። በርጩማ ባለው ሙያ ላይ ቆሞ የሚሠራ ሰው የባለበርጩማውን ሙያ የሰረቀ ሌባ ነው ይላል። በማግስቱ እታለምን ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ብረቷ እንደጋለ፣ አራት አሳዳጅ ከበው ያዟት። እኔ ያወቅኩት መጥሪያ ሲደርሰኝ ነው። መጥሪያው ላይ ተከሳሽ ታንጉት፣ ተበዳይ ልየው ይላል። ደሜ ፈላ። ምርኩዜን ይዤ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ችሎቱ ደረስኩ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛው አሉ፣ አቶ ቢያድግልኝ ከሳሽ ሆኖ ቆሟል፣ ብረቱ ማስረጃ ተብሎ በክር ታስሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጥግ ላይ የቢሮው የውሃ ጀሪካን አለ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እታለም መካከል ላይ ቆማለች። ሲፈትሿት መቀነቷን ፈትተው ጥለውታል፤ መልሳ አላሰረችውም። ከክሱ ይልቅ ዓይኗ ጀሪካኑ ላይ ነበር።

«የሥራው ባለቤት እኔ ነኝ» አለች። «ማስረጃ ከፈለጋችሁ ያው፣ ጀሪካናችሁ ላይ አለ። የዛሬ ዓመት እዚህ ቢሮ ደጃፍ ላይ የደፈንኩት ነው። ጣቴን አጠገቡ አድርጌ ላስተያያችሁ።»

ዳኛው ጀሪካኑን አላዩም። «ችሎቱ የሚያውቀው ወረቀት ላይ ያረፈ አሻራ ነው» አሉና መዝገቡን ገለጡ። «እዚህ ያለው የአቶ ልየው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ልየው፣ እርስዎ ይናገሩ። ንግዱ የእሷ ነው ካሉ እስካሁን ሐሰተኛ ሙቀት ሲያቀርቡ ኖረዋል ማለት ነው፤ ቅጣቱ እስራት ነው፤ ብረቱም ይቀልጣል። ሠራተኛዬ ናት ካሉ ግን ብረቱን ባለቤቱ ይረከባል፤ እሷም ደረቷ ላይ የእርስዎን ስም ለጥፋ በሰላም ትሠራለች።»

እታለም ዞራ አየችኝ። አልለመነችኝም። «እውነቱን ተናገር ልየው» አለች፣ በቃ።

እውነቱን ብናገር ብረቱ ይቀልጣል ብዬ ነው፣ ለእሷ አስቤ ነው ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ውሸት ነው። እስሩን ፈርቼ ነው። ስሜ ከመዝገቡ እንዳይሰረዝ ፈርቼ ነው። እርስዎ መባል ጥሞኝ ነው። «ሠራተኛዬ ናት» አልኩ።

አቶ ቢያድግልኝ በደስታ እጁን አሻሸ። «ክቡር ዳኛ፣ ለመዝገቡ ያህል፣ ባለሙያው ይህን ጀሪካን እዚሁ ይድፈኑልንና እንይ» አለ። የከሰል ምድጃ መጣ። ብረቱን በእጄ ሰጡኝ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የቀመስኩት የዚያ ብረት እንጀራ ነው፤ መያዣው በየት በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም። አጋልኩት፤ ከልክ በላይ ግሎ ቀላ። ቀዳዳው ላይ ሳሳርፈው ጀሪካኑ እንደ ቅቤ ተከፈተ፤ ውስጡ የነበረው ውሃ ሁሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ የስድስት ቀን ውሃቸው ነው። የዳኛው ጫማ ራሰ። ከቀዳዳው አጠገብ የነበረው የእታለም የጣት አሻራም አብሮ ቀለጠ።

ችሎቱ ተመካክሮ ጀሪካኑ ጥራት የጎደለው ነው ሲል ወሰነ። ለእኔ ብረቱ በፊርማ ተሰጠኝ። ለእታለም ስሜ የተጻፈበት ደረት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ተዘጋጀላት። እጇን አልዘረጋችም። መቀነቷን አነሣች፣ ቀስ ብላ ወገቧ ላይ አሰረች፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ ተራምዳ ወጣች። በዚያው ወጥታ ቀረች፤ ቤትም አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ያፈሳል። በየቤቱ ጨርቅ የወተፉበት፣ ሳሙና የለጠፉበት ጀሪካን ነው ያለው። ቦቴው ላይ ሰው መጋፋት ጀመረ አሉ፤ ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ሴቶች በአንድ ደህና ጀሪካን ተጣልተው አንዷ ጥርሷ ረገፈ። የማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ግን ከተማው ጀሪካን ጠጋኝ አለው፤ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት። አሁን አንድ የጎረቤት ልጅ በጋሪ እየገፋ ያመላልሰኛል፤ በርጩማዬም እንደ ወትሮው ይሞቃል። አቶ ቢያድግልኝ መጥቶ ይዳስሰዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «በጣም ጥሩ አቶ ልየው» ብሎ ያልፋል። ጥርሴን ነክሼ አመሰግነዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ጀሪካን አዝላ ሜዳው ድረስ መጣች። በሰባት ዓመት ውስጥ ወደ በርጩማዬ የመጣች የመጀመሪያዋ ደንበኛ ናት። ሰሌዳውን አንብባ ነው የመጣችው። ጀሪካኑን ስታወርደው አንድ አዲስ ልጣፍ አየሁበት። ጠርዙ የተንጨባረረ፣ የተቃጠለ፣ መልከ ጥፉ ልጣፍ ነው። መሐሉ ላይ ግን የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«ይህን ማን ሠራልሽ?» አልኳት።

«ከወንዙ ማዶ፣ ከወሰን ድንጋዩ ባሻገር ያለች ሴትዮ ናት። በዚህ ጎኑ ደግሞ አፈሰሰብኝ፤ እዚያ ድረስ መመላለሱ አቅቶኝ ነው ወዳንተ የመጣሁት።»

«ለምን እንዲህ ተበላሸባት?»

«በወጥ ቤት ቢላ እኮ ነው የምትሠራው! እጇ ሁሉ ተቃጥሏል። ደህና ብረት ነበራት፣ ወንድሟ ወሰደባት አሉ።» ከንፈሯን መጠጠች። «አሁን ይህ ምኑ ወንድም ነው?»

አውራ ጣቴን አሻራው ላይ አሳረፍኩት። የእሷ ጣት ጠባብ ነው፣ የእኔ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ በየጎኑ ተርፎ ወጣ። ብረቱ ያለው ከትራሱ ሥር ነበር፤ አራት ወር ሙሉ ተቀምጬበታለሁ።

ሴትየዋን «ልትሠራልሽ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ጥሩ ብረት ይደርሳታል፣ ያኔ ሂጂ» ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁ። የጫማ አዳሹ አጎት «ምነው ልየው፣ ሽንትህ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ከበርጩማዬ አጠገብ ያለውን የመዝጋቢዎቹን ጎጆ ግድግዳ ተደግፌ፣ ጀርባው ባዶ በሆነ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቅጽ ላይ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ሥራው የታንጉት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታንጉት ነበር። እኔ ጀሪካን ጠግኜ አላውቅም፤ የደፈንኩት አንድ ጀሪካን የለም፤ የቀደድኩት አንድ አለ። እህቴ ሠራተኛዬ ናት ያልኩት ፈርቼ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ካሉት ስድስት መቶ በርጩማዎች ነጋዴ የተቀመጠበት አንድም የለም፤ ነጋዴዎቹን አሳዳጆቹ ያውቋቸዋል፣ እነሱን ጠይቁ። ልታስሩኝ ከፈለጋችሁ የምሄድበትን ነግሬያችኋለሁ፤ ከወንዙ ማዶ ነው። ጤነኛ ሰው በግማሽ ቀን ይደርሳል፤ እኔ ሦስት ቀን ሳይፈጅብኝ አይቀርም፣ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ስደርስ እታለም ብረቱን ትቀበለኝ ይሆናል፤ እኔን መቀበሏን አላውቅም። ባትቀበለኝም አልፈርድባትም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቆሜ ነው። ዳሌዬ እንደ እሳት ይለበልበኛል። ብረቱን በመቀነት ወገቤ ላይ አስሬዋለሁ። ወረቀቱን አጥፌ በርጩማው ላይ፣ ከትራሱ አጠገብ ላስቀምጠው ነው። አቶ ቢያድግልኝ ከረድፉ ጫፍ ላይ ሆኖ እየዳሰሰ ሲመጣ ይታየኛል፤ ቁጥር ሦስት መቶ ዘጠናን አልፏል። እጄን በርጩማው ላይ አሳርፌ አየሁት። ቀዝቅዟል። ይምጣና ይዳስሰው።